አርባ ሰባተኛው ወረቀት

ሰኞ ጠዋት የታሪክ መምህሩ የጠመኔውን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ ወረቀቶቹን ሲቆጥር አርባ ስድስት ሆኑለት። ስም መጥሪያው ላይ ያሉት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችም አርባ ስድስት ናቸው። ደስ አለው። በአሥራ አራት ዓመት የማስተማር ዘመኑ አንድም ልጅ ያልቀረበት የቤት ሥራ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ደስ ሲለው ደግሞ ነገር አይመረምርም፤ ጥፋቱ ከዚያ ጀመረ።

የቤት ሥራው እንዲህ ነው። በየዓመቱ ትምህርቱ ምዕራፍ ስድስት ላይ ሲደርስ ልጆቹ አንድ ገጽ ለሁለት ከፍለው ያመጣሉ። በግራ በኩል መጽሐፉ የሚለውን ይገለብጣሉ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ከቤተሰብ አንድ ትልቅ ሰው «በዚያ ዓመት የት ነበሩ?» ተብሎ የመለሰውን፣ ሰውየው እንደተናገረው አድርገው ይጽፋሉ። ስም አይጻፍም። ወረቀቱም በእጅ አይሰጥም፤ አፉ በፕላስተር በታሸገ፣ ቀጭን ስንጥቅ በተበጀለት የጠመኔ ካርቶን ውስጥ ይከተታል። ካርቶኑ ሳምንት ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይቀመጣል። «የማን እንደሆነ አልጠይቅም፤ ለማወቅም አልሞክርም» ብሎ መምህሩ በክፍሉ ፊት ቃል ይገባል። በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ «ጥያቄ አለ?» ማለት ስለማይሰለቸው ልጆቹ «ጥያቄ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ጥያቄ አልጠይቅም ካለ አይጠይቅም ብለው ያምኑት ነበር።

«ያ ዓመት» ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። መጽሐፉ ስለ እሱ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «በዚሁ ዓመት ሥራ ያቆሙ ሠራተኞች በተሰበሰቡበት የእህል መጋዘን እሳት ተነሥቶ፣ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ስለነበር የተወሰኑ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል።» መምህሩ ይህን በቃሉ ያውቀዋል። «ተቀርቅሮ» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ እንደሚል ልጆቹ ልብ ብለዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን አያውቁም። «የተወሰኑ» የተባሉት ዘጠኝ ናቸው። አንዱ አባቱ ነበር። የሠራተኞቹ ተጠሪ እሱ ስለነበር «እጅ አንሰጥም ብሎ በሩን የቀረቀረባቸው እሱ ነው» ተብሎ ተወራ። መምህሩ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። የስምንቱ ሟቾች ቤተሰቦች ከዚያ ወዲህ ለእናቱ ሰላምታ ነፍገዋታል። መንገድ ላይ ሲያዩዋት ይሻገራሉ።

ሠላሳ አንደኛው ወረቀት ላይ ሲደርስ እጁ ቀጥ አለ።

መስመር የሌለው ነጭ ወረቀት ነው። የጻፈው ሰው በእርሳስና በማስመሪያ ራሱ መስመር አበጅቶለታል። የግራ ዓምድ የለውም። ፊደሎቹ ትልልቅና ክብ ክብ ናቸው፤ እርስ በርስ የተኳረፉ ይመስል ተራርቀው ተቀምጠዋል።

«ቁልፉ እኔ እጅ ነበር። በሩ የተቆለፈው ከውጭ ነው። ትዕዛዝ ሳይመጣ እንዳትከፍት ተብዬ ነበር። እሳቱን ሳይ ትዕዛዝ ጠበቅሁ። ትዕዛዙ አልመጣም። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ተነሥቶ የክፍሉን በር ዘጋና ዘግቶት እንደሆነ እንደገና ሄዶ አየ። ከአርባ ስድስቱ ልጆች የአንዱ አያት ነው። ያ ሰው በዚህች ከተማ ውስጥ የልጅ ልጁን የቤት ሥራ እያየ፣ መነጽሩን እየወለወለ ይኖራል። ምናልባት በወላጆች ቀን መምህሩን ጨብጦት ይሆናል። መምህሩ ሳያስበው መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ቀጥሎ ካርቶኑን አገላብጦ አየው። የፕላስተሩ አንድ ጠርዝ ተነሥቶ እንደገና ተለጥፏል። በጥፍር የተጫኑት ምልክቶች ይታያሉ።

ካርቶኑን በብብቱ ይዞ ወደ ቤተ መጻሕፍት ወረደ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ልጆች ሲንጫጩ ቀና ሳይሉ «ዝምታ!» ስለሚሉ ስማቸው ጋሼ ዝምታ ሆኖ ቀርቷል። እዚህ ከተቀጠሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ከተማ ነበሩ ይባላል። መምህሩ በእረፍት ሰዓት እሳቸው ዘንድ መቀመጥ ይወዳል፤ ከመምህራኑ ክፍል ይልቅ እዚህ የሚያናግረው ሰው ስለሌለ።

«ጋሼ፣ ይሄን ካርቶን የነካ ሰው ነበር?»

ጋሼ ዝምታ በአዳዲስ መጽሐፎች የመጀመሪያ ገጽ ላይ ማኅተም እየመቱ ነበር። «ልጆቹ ነኩት።»

«ከልጆቹ ሌላ?»

«ምክትል ርዕሰ መምህሩ ዓርብ መጥቶ ጋዜጣ አንብቧል። እጁ ግን ጋዜጣው ላይ ነበር። ምን ጠፋ?»

«የጠፋ ነገር የለም።»

«ካልጠፋ ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?»

መምህሩ ዙሪያውን ገልመጥ አለና ወረቀቱን አውጥቶ በሹክሹክታ አነበበላቸው። ጋሼ ዝምታ ማኅተሙን አንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ መቱት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ላይ ተንሸራቶ ገጹን አበላሸው።

«አልጠይቅም ብለህ ነበር» አሉ፣ የተበላሸውን ገጽ እያዩ።

«ብዬ ነበር።»

«እንግዲያ አትጠይቅ።»

«ጋሼ፣ አባቴ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

መምህሩ ስለ አባቱ ለእሳቸው ነግሯቸው እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ። ትዝ አላለውም። ማን ነገረዎት ሊል አፉን ሲከፍት ደወል ተደወለና ልጆቹ እንደ ጎርፍ ገቡ። «ዝምታ!» አሉ ጋሼ ዝምታ።

ማክሰኞ መምህሩ ታሪክ ማስተማሩን ትቶ ቃል ማስጻፍ ጀመረ። ራሱን ለመከላከል «የጽሑፍ ልምምድ ነው» የሚል ምክንያት አዘጋጅቶ ነበር፤ የጠየቀው ግን የለም።

«ጻፉ። ቁልፍ። በር። ትዕዛዝ። ከውጭ። ጠበቅሁ።»

ከኋላ አንዱ «ቲቸር ቤት ሊያከራይ ነው እንዴ?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቀም። በየወንበሩ መሐል እየተመላለሰ የእያንዳንዱን ልጅ እጅ ያያል፤ እስክሪብቶ እንዴት እንደሚይዙ፣ የትኛው ቃል ላይ እንደሚዘገዩ። «ትዕዛዝ» ላይ አንዲት ልጅ አፍንጫዋን አሸች። ለምን አሸች? አንዱ «ቁልፍ» ብሎ ጽፎ ሰረዘው። ምን ቆጨው? አርባ አምስት ደብተር ሰብስቦ አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር አስተያየ። አንዱም አይገጥምም።

አለመግጠሙ ጥርጣሬውን ሊያበርድለት ሲገባ አባሰው። ካልገጠመ ልጁ እጁን ለውጧል ማለት ነው፤ እጁን ከለወጠ የሚደብቀው አለው ማለት ነው። እንዲህ እያለ በመጨረሻ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው ልጅ ላይ ደረሰ። ቅጽል ስሟ ማስመሪያ ነው። ከእጇ ማስመሪያ አይጠፋም፤ ደብተሯ ላይ ያመነችበትን ዓረፍተ ነገር ከሥሩ ታሰምርበታለች፤ ያላመነችበትን ባዶውን ትተወዋለች። የሒሳብ መምህርቷን ሳይቀር «ይሄን ገና አላሰመርኩበትም» ብላ አስቃታለች። አያቷ ደግሞ በዚያ ዓመት የመጋዘኑ ጸሐፊ እንደነበሩ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ያንኑ ቀን ከትምህርት በኋላ አስቀራት።

«ይሄ ያንቺ ነው?»

ወረቀቱን አየችው። «ስም አይጻፍም ብለው ነበር፣ ቲቸር።»

«መስመሩን አይተሽዋል? በማስመሪያ ነው።»

«ማስመሪያ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» አለች እየሳቀች። የሱን ፊት ስታይ ሳቋን ዋጠች። ወረቀቱን ወሰደችና አነበበች። አንብባ ስትጨርስ ከንፈሯ ነጥቷል። «የኔ አያት ያኔ አሟቸው ተኝተው ነበር። እንደዚያ ነው ያሉኝ። እንደዚያ ነው የጻፍኩት።»

«አሰመርሽበት?»

ይህን ለምን እንደጠየቀ በኋላ ራሱም አላወቀውም። ልጅቷ ወረቀቱን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ቦርሳዋን አነሣችና ወጣች።

ረቡዕ በመምህራኑ ክፍል ምክትል ርዕሰ መምህሩ ፖስታ ይዞ መጣ። ጫማው ድምፅ የማያሰማ፣ ሰው ሲያናግር እስክሪብቶውን ሲከፍትና ሲከድን የሚውል ሰው ነው። ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር፦ «ሁለት ዓምድ» በሚል የተሰበሰቡት ወረቀቶች በሙሉ በአንድ ፋይል ሆነው ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ገቢ እንዲሆኑ፤ ምዕራፍ ስድስት በመጽሐፉ ልክ ብቻ እንዲሰጥ፤ ይህ ካልተፈጸመ መምህሩ ከክፍል እንዲታገድ።

«ማን ነገራቸው?» አለ መምህሩ።

«እኔ አድራሽ ነኝ።»

«ሁለት ዓምድ የሚለውን ከየት አገኙት? ካርቶኑ ተከፍቶ ነበር። አንተ ደግሞ ዓርብ ቤተ መጻሕፍት ነበርክ።»

«ጋዜጣ ማንበብም ተከለከለ?» እስክሪብቶውን ከደነው። «አንተ ጥያቄ አይደለህ? ጠይቅ እንጂ፤ ግን እኔን ብቻ ለምን?»

ጥግ ላይ ደብተር የምታርመው የሒሳብ መምህርት ፊቷን በእጇ ሸፍና ሳቀች። መምህሩ እሷንም ከሚጠረጥራቸው ጋር በልቡ መዘገባት። ትናንት ለምንድን ነው «ልጆችህ ምን እያሉ ነው?» ያለችው?

ምክትሉ ሊወጣ ብሎ በሩ ላይ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከትምህርት በኋላ ያስቀረሃት ልጅ እናት ናት የከሰሰችህ። ልጅቷ ትናንት ቤት ገብታ አያቷን ፊት ለፊት አቁማ፣ ‹ቁልፉ እርስዎ እጅ ነበር ወይ?› ስትል ሽማግሌው ራሳቸውን ስተው ወደቁ። አሁን ተሽሏቸዋል። ልጅቷን እንዲህ ብለሽ ጠይቂ ያላት ማን እንደሆነ የምታውቀው አንተ ነህ። እኔ አላውቅም።»

መምህሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ሦስት ቀን ሙሉ የሚያሳድደው ወሬ አቀባይ ራሱ ሆኖ ተገኘ። የገዛ ልጆቹን መጠበቂያ ካርቶን የቀደደው ደግሞ ፕላስተሩን ያነሣው እጅ ሳይሆን የእሱ ጥያቄ ነበር።

ያን ቀን ክፍል ሲገባ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። «ጥያቄ አለ?» ሲል አንድም እጅ አልወጣም። ማስመሪያ ማስመሪያዋን አላመጣችም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጆሮ ደግፍ ይዟት ቤት የሰነበተች አንዲት ተማሪው ተመለሰች። አገጯን በሻርፕ እንደታሰረች መምህሩን ኮሪደር ላይ አስቆመችውና የታጠፈ ወረቀት ዘረጋችለት።

«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ቀን አልፎብኝ ነው።»

«ምንድን ነው?»

«የሁለት ዓምዱ። ካርቶኑ የለም አሉኝ።»

«ያንቺን ሰጥተሽ የለም እንዴ? ሰው ልከሽ መስሎኝ።»

«በማን ልላከው? ቤታችን ያላበጠ የለም።»

መምህሩ ልጅቷ ከሄደች በኋላ እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሞ ቀረ። ማክሰኞ የሰበሰበው ደብተር አርባ አምስት ነበር። አንዷ ቀርታ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ግን አርባ ስድስት ወረቀት ነበር። ይህ ሲጨመር አርባ ሰባት። የአርባ ስድስት ልጆች ክፍል አርባ ሰባት ወረቀት ሰጠ።

እንግዲያ ያ ጽሑፍ የልጅ አይደለም። አሥራ አራት ዓመት ደብተር ያረመ ሰው ክብ ክብ ፊደል ሲያይ ልጅ ብቻ ነው የሚታየው። ሸምግለው የተማሩ ሰዎችም እንደዚያ እንደሚጽፉ አላሰበም። «አውቃለሁ» የሚለው ቃል ጆሮው ውስጥ ደወለ። ሁለት ጊዜ የተመታው ማኅተምም።

ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ ነበር። መምህሩ የመጽሐፍ ውሰት ካርዶቹን መሳቢያ ሳበ። በየካርዱ ላይ በእርሳስ የተሰመረ መስመር፣ በየመስመሩ ላይ ትልልቅና ክብ ፊደል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእነዚህ ካርዶች ላይ ፈርሟል። አይቶት የሚያውቀው የመመለሻውን ቀን ብቻ ነው።

ጋሼ ዝምታ ከወንበራቸው አልተነሡም። «ቆየህ» አሉ።

«እርስዎ ነዎት?»

«በአርባ ዓመቴ ነው ፊደል የቆጠርኩት። መጀመሪያ መስመር ማስመር አስተማሩን። እስከ ዛሬ ያለ መስመር እጄ አይሄድልኝም።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! እዚህ ተቀምጬ ሻይ ስንጠጣ!»

«ምን ልበልህ? መጽሐፉን ለመመለስ ሁለት ቀን ዘግይተሃል፤ አባትህን ደግሞ እኔ...» አልጨረሱትም። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጠረጉት፤ ምንም አልነበረበትም። «ልጆቹ እዚህ ፊቴ እየቆሙ ሲከቱ ሳምንት ሙሉ አየሁ። ሁሉም የሚጠይቀው ሰው አለው። እኔን የሚጠይቅ ልጅ የለኝም። ዘንድሮ ራሴን ጠየቅሁና ከተትኩት። በነጋታው ልቤ ፈርቶ መልሼ ላወጣው ፕላስተሩን አነሣሁ። እጄ አልገባ አለ።»

«እሳቱን ማን ለኮሰው?»

«አላውቅም። የማላውቀውን አልጽፍም።»

«እንዳትከፍት ያለዎት አለቃ ማን ነው?»

ጋሼ ዝምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት። «ለጠየቀኝ ልጅ እነግራለሁ። አንተ ልጅ አይደለህም፤ ከሳሽ ነህ። መብትህ ነው። ግን ላንተ ሳወራ ማሩኝ የምል ይመስለኛል፤ ልጅ ሲጠይቀኝ ግን የሆነውን ብቻ እናገራለሁ።»

መምህሩ ሊጮህ ፈለገ። ሊመታቸውም ፈልጎ ነበር። ያደረገው ግን መሳቢያውን ቀስ ብሎ መዝጋት ነበር፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የመጮህ ልምድ አልነበረውም።

ለምሳ ቤት ሲገባ እናቱ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። የሰው ሱሪ እያሳጠረች ነው። ቆሞ ነገራት፤ ስም ግን አልጠራም። የመኪናው እግር ቆመ።

«ከውጭ ነው?» አለች።

«ከውጭ ነው፣ እማዬ።»

«ማን አለ?»

«ቁልፉ እጁ የነበረው ሰው። ጽፎ ሰጠኝ።»

እናቱ መርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ አቃናች። «እና አመንከው?»

«በራሱ ላይ እኮ ነው የመሰከረው!»

«ስለ አባትህ ያወሩትም እንዲህ ይሉ ነበር። ‹እኛ ምን አተረፍን ብለን እንዋሻለን?› ይሉ ነበር።»

«ሠላሳ ዓመት ይህን አይደል ስትጠብቂ የኖርሽው?»

«ስጠብቅማ ኖሬአለሁ። ስለጠበቅሁት ነው የምጠረጥረው፤ ልብ የሚፈልገውን ሲሰጡት ዓይኑን ይጨፍናል።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ፈርሞበታል?»

«አልፈረመም።»

«ስም የሌለው ወሬ እኔ ጠግቤአለሁ። ስሙን ይጻፍበትና ከዚያ ላልቅስ ወይ ልሳቅ አስባለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ጋሼ ዝምታ ወረቀቱን ተቀብለው፣ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በታች በእርሳስ አንድ መስመር አሰመሩና ሙሉ ስማቸውን ጻፉበት። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። «ልጆቹ ከፈለጉ እዚሁ ነኝ በላቸው» አሉ። «እኔ ነኝ ማለትም ትችላለህ።»

መምህሩ ክፍል ገብቶ አርባ ሰባቱን ወረቀት ሦስት ጠረጴዛ አጋጥሞ ዘረጋቸው።

«ስለ አንድ ነገር ይቅርታ እጠይቃችኋለሁ» አለ። «አልጠይቅም ብዬ ጠይቄአለሁ። ማክሰኞ ያስጻፍኳችሁ ቃላት ልምምድ አልነበሩም፤ የእጅ ጽሑፋችሁን ለመለየት ነው። ከእናንተ መሐል አንዷን ያለ ጥፋቷ ወንጅያታለሁ።»

ማስመሪያ መስኮቱን ታያለች።

«ወረቀቶቹን ጽሕፈት ቤቱ ይፈልጋቸዋል። የናንተ ናቸው እንጂ የኔ አይደሉም። እኔ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞሬ እስከ መቶ እቆጥራለሁ። የራሳችሁን ውሰዱ። መስጠት የሚፈልግ ይተወው።»

ዞረ። ከጀርባው ወንበር ተንኳኳ፣ ኮቴ ተሰማ፣ አንዱ «ያ የኔ ነው፣ አንተ!» ብሎ ተቆጣ፣ አንዷ «ቲቸር፣ ሠላሳን ዘለሉ» አለች፤ ጥቂት ልጆች ሳቁ። ከረቡዕ ወዲህ የሰማው የመጀመሪያ ሳቅ ነው። መቶ ሲሞላ ዞሮ አየ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብቻ ቀርቷል።

«ይሄስ የማን ነው?» አለች ማስመሪያ። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር። ስሙን ግን ከመምህሩ ቀድማ አነበበችው፤ አነበበችና ሌሎቹም አንገታቸውን አሰገጉ።

«ማናቸው?» አለ አንዱ።

«ጋሼ ዝምታ ናቸው» አለ መምህሩ። «የሚጠይቃቸው ሰው የለም። መጠየቅ የሚፈልግ ካለ በእረፍት ሰዓት እዚያው አሉ። ደግሞ ስሙኝ። የቀኙ ዓምድ ከግራው ስለሚለይ ብቻ እውነት ነው ማለት አይደለም። ይህን ሳላስተምራችሁ ቀርቻለሁ፤ ሳላውቀው ስለቀረሁ ነው። ለሁለቱም ጥያቄ ይኑራችሁ።»

በእረፍት ሰዓት ማስመሪያ ደብተሯን ይዛ ወደ ቤተ መጻሕፍት ስትወርድ አየ። ላለመከተል ብዙ ታገለ፤ ተከተለ። ከበሩ ውጭ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ድምፅ የሌላቸው ጫማዎች አጠገቡ ደረሱ።

«ፋይሉስ?» አለ ምክትሉ በጆሮው። «አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።»

መምህሩ ማኅደሩን ከፈተለት። ውስጡ የተፈረመው ወረቀት ብቻ ነበር። «ሌሎቹን ባለቤቶቹ ወሰዷቸው።»

ምክትሉ ወረቀቱን አነበበ። እስክሪብቶውን ሊከፍት አለና ተወው። «በዚህ ይጠርጉሃል» አለ።

«አውቃለሁ።»

የሚሄድ መስሎት ነበር። አልሄደም። ሊሰልል ይሁን ሊሰማ መምህሩ ሊለየው አልቻለም። ሁለቱም ግድግዳው ላይ ተለጠፉ።

«በዚያ ዓመት የት ነበሩ?» አለች ልጅቷ ከውስጥ፤ የቤት ሥራውን ቃል በቃል።

ጋሼ ዝምታ ነገሯት። ወረቀቱ ላይ ካለው ብዙም አልጨመሩም። የእርሳሷ ድምፅ ይሰማል።

«ሲያንኳኩ ይሰማዎት ነበር?»

መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። ይህን እሱ መጠየቅ ነበረበት፤ አልደፈረም ነበር።

«ይሰማ ነበር» አሉ ጋሼ ዝምታ። «ቶሎ አላቆሙም።»

እርሳሱ ቆመ፤ እንደገና ሄደ።

«እንዳትከፍት ያለዎት አለቃ ማን ነው?» አለች። ከዚያ፣ እንደ መምህሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «የኔ አያት ናቸው?»

መምህሩ በበሩ ክፍተት አየ። ሽማግሌው ልጅቷን አላዩም፤ ከራሷ በላይ አሻግረው በቀጥታ ወደ በሩ፣ ወደ እሱ አዩ። ሁለቱም ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። መምህሩ ምን እንዲሉለት ይፈልግ ነበር? እውነቱን? ለልጅቷ ምሕረት? ለእናቱ ስም?

«አያትሽ ጸሐፊ ነበሩ» አሉ ጋሼ ዝምታ በመጨረሻ። «ቁልፍ ሲሰጥና ሲቀበል እሳቸው አልነበሩም። ያዘዘኝ ሰው ሞቷል፤ ስሙንም እጽፍልሻለሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ነኝ።»

ልጅቷ አየቻቸው። መምህሩም አያቸው፤ አጠገቡ ያለው ምክትልም አንገቱን አስግጎ አየ። ከዚያ ደብተሯ ላይ ጎንበስ ብላ ያሉትን ሁሉ፣ ቃል ሳታስቀር ጻፈች። ማስመሪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ከጻፈችው በታች አስተካክላ አስቀመጠችውና እርሳሷን አነሣች።

አስባ አስባ እርሳሷን መለሰች። ማስመሪያውንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ደብተሯን ዘጋችና «አመሰግናለሁ፣ ጋሼ። ሰኞ ሌላ ጥያቄ ይዤ እመጣለሁ» አለች።